በአሶሳ ዝናብ ያለበስሽኝ ሹራብ

አስቴርዬ፣ ዓለሜ፣

ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ስትሄጂ ቤዛ ገና ሦስት ዓመቷ ነበር፤ የቀሚስሽን ጫፍ ሳትይዝ አትራመድም ነበር። ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት አስገባኋት። ቁመቷ ካንቺ፣ ግትርነቷ ከኔ ነው ይላሉ ጎረቤቶች፤ እኔ ግን ሁለተኛውን አልተቀበልኩም።

ቤታችን ያው ነው። በመኝታችን በኩል የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስጠግኜዋለሁ። ከተማውን ብታዪው ግን ግራ ይገባሻል። አዲስ ክልል ተብሎ ስንቱ ሰው መጣ መሰለሽ! በየጊዜው አንድ ቢሮ ይከፈታል። «አሶሳ ሙቀት ነው» የተባለው ሠራተኛ ሁሉ በስስ ሸሚዝ መጥቶ ከዝናቡ ጋር ይገናኛል። ሳያቸው እስቃለሁ፤ ከዚያ የራሴ ጉድ ይመጣብኛል።

ያን ጊዜ ገና ባልና ሚስት አልነበርንም። እኔ ከመንዝ ተመድቤ የመጣሁ መምህር፣ አንቺ ደግሞ የቡለን ልጅ፣ የጤና ረዳት። ሐምሌ ላይ ራቅ ያለ መንደር ኩፍኝ ገባ ተባለ። መኪናው ጭቃውን ማለፍ ሲያቅተው በእግርሽ ልትሄጂ ተነሳሽ። አብሮሽ የሚሄደው መዝጋቢ ታሞ ነበርና «ትምህርት ተዘግቷል፤ እኔ እጽፍልሻለሁ» አልኩሽ። እውነቱን ዛሬ ልንገርሽ፤ የሄድኩት ለኩፍኙ አልነበረም።

የአባቴን ካፖርት ለብሼ መጣሁ። አየሽኝና «መምህር፣ ይሄ እኮ ይከብድዎታል። ሲሄዱ ያልብዎታል፣ ዝናቡም ይጨመርበታል» አልሽኝ። «የመንዝ ሰው ብርድ አይፈራም» ብዬ አሾፍኩ። አንቺ በሸሚዝሽ ላይ ላስቲክ ደርበሽ፣ ሹራብሽን በሌላ ላስቲክ ጠቅልለሽ ከክትባቱ ሣጥን ጋር በጀርባሽ አዘልሽው። ሹራብ ይዞ አለመልበስ! ሞኝ መሰልሽኝ።

ብዙም ሳንሄድ ያልሽው ሆነ። ከውስጥ ላቡ፣ ከውጭ ዝናቡ። ሰው የሚያክለው ሣር ሱሪዬን እስከ ወገቤ አራሰው። ካፖርቱ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ አላራምድ አለኝ። ወንዙን ስንሻገር ይዞኝ ወደቀ፤ ክንዴን ይዘሽ ጎትተሽ አወጣሽኝ። ማዶ ስንደርስ ተንቀጠቀጥኩ። ቆይቶ መንቀጥቀጡ ተወኝና እንቅልፍ እንቅልፍ አለኝ። «ትንሽ ልቀመጥ» አልኩሽ፤ ምላሴ ተሳስሮ ነበር።

እስከዚያች ሰዓት «አንቱ» ነበር የምትይኝ።

«አትቀመጥ! አውልቅ!» አልሽኝ።

«ምኑን?»

«ሁሉንም! እርጥብ ነገር ገላህ ላይ አይቅር!»

አፈርኩ። አንቺ ግን ለማፈር ጊዜ አልነበረሽም። ካፖርቱን ገፈሽ ጣልሽው፤ ሸሚዜን አወለቅሽ፤ በሻሽሽ ደረቴንና ጀርባዬን አሸሽ፤ ደረቁን ሹራብ በአንገቴ አጠለቅሽልኝ። እጅጌው ክርኔ ላይ ቀረ። ላስቲክሽን ከላይ ደረብሽልኝና አንቺ በሸሚዝ ብቻ ዝናቡን ተቀበልሽው። ከዚያ እስከ መንደሩ እየገፋሽ አስኬድሽኝ፤ ዝም ባልኩ ቁጥር ትቆነጥጪኝ ነበር።

የመንደሩ ሰዎች እሳት ዳር አስቀመጡን። ጥርሴ መንገጫገጩን ሲተው «የመንዝ ሰው አሶሳ ላይ በብርድ ሞተ ቢባል ማን ያምናል?» አልኩሽ። «ብርድ አገር የለውም፤ እርጥብ ልብስ ባለበት ሁሉ አለ» ብለሽኝ ተነሳሽ። እስኪመሽ ሕፃናቱን ከተብሽ፤ እኔም የሴት ሹራብ ለብሼ ስማቸውን ጻፍኩ። እናቶቹ በበርታ ቋንቋ አንድ ነገር እየተባባሉ ሳቁብኝ። ምን እንዳሉ ስጠይቅሽ ሳትተረጉሚልኝ አቀረቀርሽ። አንቺን ካላገባሁ ሰው እንደማልሆን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ያቺ ወባ በአምስት ቀን ከወሰደችሽ ወዲህ ፈሪ ሆኛለሁ፣ አስቴርዬ። ደመና ካየሁ ቤዛን ወደ ደጅ አላስወጣም ነበር። ትምህርት በጀመረችበት ጠዋትም ዘነበ። ሁለት ሹራብ ደራርቤላት፣ ቦቲ አጥልቄላት፣ በላስቲክ ጠቅልያት ስንወጣ ጎረቤታችን እትዬ ሐሊማ አየችን። «ወላሂ መምህር፣ ልጅቷን ልታበስላት ነው? አንዱን አውልቅላት እንጂ!» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ የልጅቷ ግንባር አልቦት ነበር። አንዱን አወለቅኩላት።

የሹራቧን ቁልፍ መልሼ ስቆልፍላት ድንገት «አባዬ፣ እማዬ ምን ትመስል ነበር?» አለችኝ። ፊትሽን ረስታዋለች። ሮጬ ገብቼ ፎቶሽን አመጣሁላት፤ ያለን የመታወቂያው ብቻ ነው። ትኩር ብላ አየችውና «ይቺ እኮ ተቆጥታለች» አለችኝ። ያን ቀን ምን እንዳስተማርኩ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሳለብሳት ስላንቺ አንድ ነገር እነግራታለሁ። ስትስቂ አፍሽን በእጅሽ እንደምትሸፍኚ ነገርኳት። ዘፈን እንደምትወጂ፣ ግጥሙን ግን ሁሌ እንደምታሳስቺ ነገርኳት። እሷን ስታጠቢ በአገርሽ ቋንቋ በሽናሽኛ እንደምታጫውቻትም ነገርኳት፤ ቃላቱን ጠይቃኝ ሁለቱን ብቻ አስታወስኩ።

ዛሬ ጠዋት ረፍዶብን በጥድፊያ ቦቲዋን ሳጠልቅላት እግሯን ሰብስባ እምቢ አለችኝ። «አባዬ፣ የዛሬዋን እማዬን አልነገርከኝም።»

ነግሬያት ነው የሄድነው። እስካለሁ ድረስ የዕለቷን አላስቀርባትም።

ያንቺው ታዬ