የስላቬይ ስም

ውድ ዝላትኮ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ነገር የማስረዝምበት አቅም የለኝም፤ ደክሞኛል። ቅዳሜ ከፕሎቭዲቩ ስብሰባ ጥለኸን ከወጣህ በኋላ የሆነውን ግን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰማው አልፈለግሁም።

በዘማሪዋ ወፍ ስም ስላቬይ ያልነውን ፕሮግራም ስንጀምር "ማየት ለተሳነው ሰው ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ባለቤት አያስፈልገውም" ብለህ ኮዱን ለሁሉም ክፍት ያደረግኸው አንተ ነህ። ለዚህ ነው ስሙን በአንተ ስም ስናስመዘግብ ማንም ያልሰጋው። አሁን የምትሠራበት የሶፍትዌር ድርጅት ቀጥሮህ ስሙን የራሱ የንግድ ምልክት አድርጎ ሲወስድም "ለጥበቃ ነው፣ ካሊና፣ ምንም አይለወጥም" አልከኝ። እኔ አንተን አመንኩ፤ አብረውን የሠሩት በጎ ፈቃደኞች ደግሞ እኔን።

ከዚያ የድርጅቱ ጠበቆች የቫርናውን መምህር ስፓስን፣ ለዓይነ ስውራን ተማሪዎቹ በከፈተው ድረ ገጽ ላይ ስላቬይ የሚለውን ስም እንዳይጠቀም አስጠነቀቁት። ፕሮግራሙ የሚያነበው በስፓስ ድምፅ መሆኑን እንኳ አላወቁም።

ስብሰባው ላይ ስፓስ የጠየቀህ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

"ስሙን ከማን ነው የምትጠብቁልን?"

"ከአስመሳዮች ነው፣ ጋሼ።"

"እና እኔ ማንን አስመሰልኩ?"

"እጄ ታስሯል፣ ጋሽ ስፓስ። ውሳኔው የእኔ አይደለም።"

"የታመመው ዓይኔ ነው ልጄ፣ ጆሮዬ ደህና ነው። ይሄ የምትናገረው የአንተ አይደለም።"

ያኔ ነው ኮትህን አንስተህ የወጣኸው። እኔ ትመለሳለህ ብዬ በሩን ሳይ ቆየሁ።

አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት እንሂድ አሉ። ለዓመታት የሚሟገት ጉልበት ከየት ይመጣል? በመጨረሻ ስፓስ "ስሙን ይውሰዱት፣ ልጆቹ የለመዱት ድምፄን ነው" አለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ከዚሁ ቃሉ ወስደን አዲሱን ስም ግላስ፣ "ድምፅ"፣ አልነው። የተመዘገበውም በበጎ ፈቃደኞቹ ማኅበር ስም ነው፤ በአንድ ሰው ስም ይሁን ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከሰኞ ጀምሮ አሮጌውን ስም ከየገጹ እየፋቅሁ ነው። ብዙውን የጻፍከው አንተ ስለሆንክ ሥራው አልገፋ ብሎኛል።

ትናንት "ኮዱ ውስጥ ገብቼ የማርምበትን ፈቃድ እንኳ ተዉልኝ" ብለህ መልእክት ላክህልኝ። ዛሬ ጠዋት ዘጋሁት። ሌላ ሰው እንዲዘጋብህ ስላልፈለግሁ ራሴ አደረግሁት።

ኮዱ እንደ ድሮው ለሁሉም ክፍት ነው። የምታርመው ነገር ካለ ላክልን፤ እንደማንኛውም እንግዳ ሰው ሥራ መርምረን እንቀበልልሃለን።

ደህና ሁን፣
ካሊና