ያለ ፈቃድ ስለተገጠመው የማጠራቀሚያ ክዳን

ለተከበሩ የውሃ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ለላኩልን ማስጠንቀቂያ የቀረበ ምላሽና ምስጋና

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና በሥርዎ ላሉ ባልደረቦች ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም የሆድ ጤና። እንዲህ የምለው ላፌዝ ፈልጌ አይደለም። በላይኛው ሰፈር ያለን ሰዎች ከክረምቱ መግቢያ ወዲህ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ቤት ደህና?» ማለቱን ትተን «ሆድሽ ተሻለሽ?» መባባል ስለ ጀመርን፣ ሰላምታዬ ከልማድ የመጣ መሆኑን እንዲረዱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

እኔ ከዳቦ ቤቱ ጎን ባለችው አንድ ክፍል ውስጥ የምሠራ ልብስ ሰፊ ነኝ። በዚህ ሙያ ሃያ ስድስት ዓመት ቆይቻለሁ። ደብዳቤ መጻፍ ግን ሥራዬ ስላልሆነ፣ ስፌቱ የተንጋደደበት ቦታ ቢያገኙ ይለፉልኝ። ባለፈው ማክሰኞ ለእኔ፣ ለጎረቤቴ ለጫማ ሠሪውና ለበያጁ በየስማችን የጻፉት ማስጠንቀቂያ ደርሶናል። በውስጡም «የመንግሥት ንብረት በሆነው ማጠራቀሚያ ላይ ያለ ፈቃድ ክዳን መግጠማችንን» ገልጸው፣ በዐሥራ አምስት ቀን ውስጥ ክዳኑን አንሥተን ሁሉን ወደ ነበረበት እንድንመልስ አዘዋል። ወራት ሙሉ ስንመላለስና ስንጽፍ አንድም መልስ ያላገኘን ሰዎች፣ ክዳኑ በተገጠመ በሦስተኛው ቀን ባለ ማኅተም መልስ ሲደርሰን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ሲፈልግ ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ ለማየት በቅተናልና እናመሰግናለን። ነገሩ እንዴት እንደ ተጀመረ ግን በሥራ ብዛት አልሰሙ ይሆናል ብዬ ከሥሩ ላስረዳዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ውሃው ቀለም።

ክረምቱ በገባ በሁለተኛው ሳምንት የተማሪ ሸሚዝ ስተኩስ፣ ውሃ ያርከፈከፍኩበት ቦታ ሁሉ የማድያት ዓይነት ነጠብጣብ አወጣ። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ካውያዬን ነበር፤ ሆዱን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ አጸዳሁት። ቀጥሎ ጨርቁን የሸጠልኝን ነጋዴ ጠረጠርኩ፣ ክፉ ቃልም ተናገርኩት፤ እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። በመጨረሻ ካውያም ነጋዴም ሳይነካው፣ አዲስ አቡጀዴ ቀድጄ ከቧንቧው በታች ያዝኩት። ሲደርቅ የሻይ ማጥለያ መሰለ።

ከዚያን ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ ከዚያው ጣቃ ሁለት ጣት የሚሆን ቁራጭ እየቀደድኩ፣ በቧንቧው ውሃ እየነከርኩና እያደረቅኩ፣ ቀኑን በጥቁር ክር እሰፋበት ጀመር። አርባ አንድ ቁራጭ አለኝ። በዚያው ሰሞን ጽሕፈት ቤትዎ በዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ አብሬ አስቀምጬዋለሁ፤ «የቀለሙ መለወጥ በወቅቱ የሚያጋጥም ተፈጥሯዊ ክስተት በመሆኑ ኅብረተሰቡ ያለ ሥጋት እንዲጠቀም» ይላል። ወረቀቱ ነጭ ነው፤ በእኛ ውሃ የታጠበ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ስለ መስተንግዶአችሁ።

ሦስት ጊዜ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጥቻለሁ። የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛዋ ጨዋ ልጅ ናት፤ ሦስቱንም ጊዜ ብድግ ብላ ተቀብላኛለች። ቁራጮቼን ጠረጴዛዋ ላይ ስዘረጋላት አንድ በአንድ አየቻቸው።

«እትዬ፣ ይሄ ጨርቅ ነው» አለችኝ፤ «ናሙና የምንቀበለው በራሳችን ጠርሙስ ብቻ ነው።»

«ጠርሙሱን ስጪኛ።»

«ግምጃ ቤት ነው ያለው። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ፈቃድ ላይ ነው።»

«መቼ ይመለሳል?»

«እሱን እንግዲህ እሱ ነው የሚያውቀው።»

በሁለተኛውም በሦስተኛውም ምልልሴ ሰውየው የውሃ ሽታ እንደ ሆነ ነበር። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነውና፣ ቁራጮቼን ጠቅልዬ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ መልካም ዕረፍት እመኛለሁ።

ሦስተኛ፣ ስለ እናቴ።

እናቴ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። ቧንቧ ወደ ላይኛው ሰፈር ሲዘረጋ፣ ቦዩን በዶማ ከቆፈሩት ሴቶች አንዷ ናት። ስለዚህ ውሃውን አፍልቼ በጆግ ሳስቀምጥላት ትቀየመኝ ነበር። «የተፈላ ውሃ ጣዕም የለውም» ትለኛለች። «ይሄ ቧንቧ እኮ እኔ በገዛ እጄ የቆፈርኩለት ነው። እኔን አይጎዳኝም።» እኔ ሥራ ላይ ስሆን ጆጉን አልፋ ከቧንቧው ትቀዳ እንደ ነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። መቆጣት ነበረብኝ፤ አልተቆጣሁም። እናቴ ናት፣ እንዴት ብዬ ውሃ ልከልክላት?

ቁራጮቼ አርባ አንድ ላይ የቆሙት እናቴ በአርባ ሁለተኛው ቀን ከአልጋ መነሣት ስላቃታት ነው። ታይፎይድ ነው ተባለ። ዐሥራ አንድ ቀን ሆስፒታል ተኛች። በክፍሉ ስምንት አልጋ ነበር፤ ከስምንቱ አምስቱ የእኛው ሰፈር ሰዎች ስለ ነበሩ፣ ሰፈራችን ከዳገቱ ወርዶ ሆስፒታል የገባ ነበር የሚመስለው። ነርሷ ለእያንዳንዳችን «የምትጠጡት ከየት ነው?» ስትል አምስታችንም አንድ መልስ መለስን፤ እሷም ጽፋ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ እንደምትልክ ነገረችን። ደርሶዎት ይሆናል።

እናቴ ድና ወጣች። ቀሚሶቿን ሁሉ ከግራና ከቀኝ አራት አራት ጣት አጥብቤላታለሁ። በመስኮቱ በኩል የተኛችው የጫማ ሠሪው ባለቤት ግን አልዳነችም። አርባ አራት ዓመቷ ነበር። የመጨረሻ ልብሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ፤ ታጥቦ ነጭ የሆነ ጨርቅ ስላጣሁ፣ ሳይታጠብ ከጣቃው ቀድጄ ሰፋሁላት።

በዚህ ቁጥር ሥር የማቀርበው ምስጋና የለኝም።

አራተኛ፣ ስለ ክዳኑ።

ባለቤቱን በቀበረ በሦስተኛው ሳምንት እሑድ፣ ጫማ ሠሪው ወደ ክፍሌ መጥቶ ደጃፌ ላይ ቆመ። «እኔ ማጠራቀሚያውን ወጥቼ ላየው ነው» አለ። ብቻውን እንዲወጣ አልፈለግኩም። በያጁንም መሰላል ያዝ ብለን ሦስት ሆነን ወጣን።

የማጠራቀሚያው ዘበኛ፣ ሰፈርተኛው አባ ቁልፉ የሚላቸው ሽማግሌ፣ በሩን ሳይጠየቁ ከፈቱልን። «አንድ ሰው እስኪመጣ ስጠብቅ ነበር» አሉ። ከኮታቸው ኪስ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ወረቀቶች አወጡ። በክረምቱ መግቢያ ነፋስ የማጠራቀሚያውን ክዳን ገንጥሎ ገደል እንደ ከተተው ለጽሕፈት ቤትዎ ያመለከቱባቸው ደብዳቤዎች ግልባጭ ናቸው። ሦስቱም ላይ «ታይቷል» የሚል ማኅተም አለ። ለማየታችሁ እናመሰግናለን። ዘበኛው ክፍቱን በሸራ ሸፍነው በድንጋይ አስረውት ነበር፤ ሸራው ግን ዝናቡ ከብዶት ከነድንጋዩ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ጫማ ሠሪው ቀድሞ መሰላሉን ወጣ። ወደ ውስጥ አጎንብሶ ብዙ ቆየ። በያጁ ተከትሎት ወጣና ውሃው ላይ የሞቱትን ርግቦች መቁጠር ጀመረ፤ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ተወው። ጫማ ሠሪው ወርዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና እጁን በሱሪው ደጋግሞ ጠረገ፤ እጁ ግን ምንም አልነካም ነበር።

«ቀለሙን ነግረሽኝ ነበር» አለኝ። «ላባ እንዳለው ግን አልነገርሽኝም።»

አላውቅም ነበር። ይህንኑ ነገርኩት። እሱም እንደማላውቅ ያውቃል።

በማግስቱ ለጽሕፈት ቤትዎ ጽፈን ሰው እንዲላክልን ለመንን፤ እስከ ሐሙስ ጠበቅን፤ ማንም አልመጣም። ዓርብና ቅዳሜ ከየቤቱ መጥረጊያና ባልዲ የያዘ ሰው ወጣ። ውሃውን አፍስሰን የገንዳውን ግድግዳ ፈገፈግን። ነርሷ በዕረፍት ቀኗ መጥታ ክሎሪኑን ራሷ መዝና ጨመረችልን። ለክዳን የሚሆን ላሜራ ስናጣ በያጁ የገዛ ግቢውን በር ነቅሎ አመጣና፣ ቆርጦ በማጠፊያ ገጠመው። የእሱ ግቢ እስከ ዛሬ በር የለውም። እኔ ብየዳ አላውቅም፤ እሱ በሚሠራበት ጊዜ መሰላሉን ይዤ ቆሜአለሁ። በደብዳቤዎ «ዋና አስተባባሪ» መባሌ ከአቅሜ በላይ የሆነ ክብር ነው።

አምስተኛ፣ ስለ ማስጠንቀቂያዎ።

ሁሉን ወደ ነበረበት እንድንመልስ ያዘዙትን ትእዛዝ በአክብሮት ተመልክተነዋል። ክዳኑን ማንሣት ለበያጁ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የቸገረን ርግቦቹ ላይ ነው። ቀብረናቸዋል፤ እነሱን መልሶ ማግኘት አይቻልም፤ ሌሎች እንዳንተካ ደግሞ በሕይወት ያሉት ርግቦች ፈቃደኛ የሚሆኑ አይመስለንም። በዚህ ረገድ ጽሕፈት ቤትዎ የቴክኒክ ድጋፍ እንዲያደርግልን እንጠይቃለን።

ክዳኑ ከተገጠመ በኋላ ሁለት ኢንስፔክተሮች ልከው የብየዳውን ጥራት አስመርምረዋል። ጅብ ከሄደ የሚለውን ተረት ያውቁታል፤ አልጨርሰውም። ኢንስፔክተሮቹ ክዳኑን ለኩ፣ ማጠፊያውን ፎቶ አነሡ፣ ውሃውን ግን አልቀዱም። ጠርሙስ አልያዙም ነበር።

ከዚህ ሁሉ የከበደን ግን የአባ ቁልፉ ጉዳይ ነው። «ላልተፈቀደላቸው ሰዎች በር በመክፈት» ተብለው ከሥራ ታግደዋል። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት በዚያ ዳገት ላይ በዝናብም በፀሐይም ቆመዋል። በጽሕፈት ቤትዎ ውስጥ ክዳኑ መውደቁን የጻፈ ሰው እሳቸው ብቻ ናቸው፤ የተቀጡም እሳቸው ብቻ ናቸው። አሁን በቦታቸው የተተካ ዘበኛ ስለሌለ፣ ሰፈርተኛው ተራ ገብቶ ይጠብቃል። የእኔ ተራ ሐሙስ ነው፤ የእጅ ስፌቴን ይዤ እወጣለሁ። አባ ቁልፉም እንደ ታገዱ በየቀኑ እየመጡ ከበሩ ውጭ ይቀመጣሉ። «ግቡ» ስንላቸው «አልተፈቀደልኝም» ይሉናል።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የምጽፍልዎ ተቆጥቼ እንዳይመስልዎ። ቁጣ ጉልበት ይፈልጋል፤ እኛ ደክሞናል። ማፍላት ደክሞናል፣ መጠርጠር ደክሞናል፣ ለሰው ውሃ ስንሰጥ ዐይኑን ማየት ደክሞናል። የምንለምንዎ ሦስት ነገር ነው። ክዳኑ ባለበት ይቆይ። ዘበኛው ወደ ሥራቸው ይመለሱ። ውሃው በራሳችሁ ጠርሙስ ተቀድቶ ይመርመርና ውጤቱ፣ ያ ማስታወቂያ በተለጠፈበት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ክፉም ቢሆን ይለጠፍ። ክዳኑ ከተገጠመ ወዲህ የነከርኳቸው ዐሥራ አንድ ቁራጮች ነጭ ናቸው፤ ነገር ግን ነርሷ እንደ ነገረችኝ ነጭ መሆን ብቻውን ንጹሕ መሆን አይደለም። እኔ የማውቀው ጨርቅ ነው፤ ውሃ የሚያውቁት እናንተ ናችሁ ተብሎ ነው የተሾማችሁት።

ይህን ረጅም ደብዳቤ ለማንበብ ከውድ ጊዜዎ ስለ ሠዉልኝ፣ ባያነቡትም «ታይቷል» ብለው ስለሚያትሙበት፣ ከወዲሁ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ወንበርዎ እንዲጸና፣ ጥላዎ እንዲሰፋ፣ ጉሮሮዎ ከምንም ዓይነት ተፈጥሯዊ ክስተት እንዲጠበቅ የምመኝ፣

ታዛዥዎ
የላይኛው ሰፈር ልብስ ሰፊ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ ግድግዳ
ለአባ ቁልፉ፣ ከበሩ ውጭ

ከፊርማ በኋላ፦ ማስጠንቀቂያውን ያመጣልን ተላላኪዎ ዳገቱን ሲወጣ አልቦት፣ ሲደርስ መናገር አቅቶት ነበር። እናቴ ደጃፍ ተቀምጣ ስለ ነበር «ለልጁ ውሃ ስጪው እንጂ» አለችኝ፤ በብርጭቆ ቀድቼ ሰጠሁት። አፉ ጋ ካደረሰው በኋላ ቆመ። «የቧንቧ ነው?» አለ። «አዎ ልጄ» አለችው እናቴ። ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ስፌት መኪናዬ ላይ አስቀመጠው። «ይቅርብኝ እናቴ። የላይኛውን ሰፈር ውሃ እንዳንጠጣ ቢሮ ከነገሩን ቆይቷል።» ከመቼ ጀምሮ እንደ ሆነ ጠየቅኩት። ትንሽ አሰበና «ክረምቱ እንደ ገባ ነው» አለኝ። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ እርስዎም አይጠይቁት። እኔ የምጠይቀው እርስዎን ነው፤ ለተላላኪዎ የነገሩትን ለእናቴ ለምን አልነገሯትም?