ወለተ ኪዳን ተከራየች

ከእናቴ ልጅ ለማልለያት አብሮ አደጌ ይድረስ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጎንደር በርዷል ይባላል፤ ያ ጉንፋን ለቀቀሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ ልነግርሽ አስቤ ድምፄ እንዳያሳብቅብኝ ፈርቼ ተውሁት።

ቅናተኛ መሆኔን ከእናቴ ቀጥሎ የምታውቂው አንቺ ነሽ። ትምህርት ቤት ሳለን ከሌላ ልጅ ጋር ከተቀመጥሽ ሳምንት ሙሉ አኮርፍሽ ነበር።

ባለቤቴ ይትባረክ አዲስ ሥራ መግባቱን ሰምተሻል። ዓባይ ማዶ ያለ ትንሽ ድርጅት ነው። ካሜራና ስልክ ውስጥ ሆና ምስሉንና ቪዲዮውን እያየች ይህ ሰው ነው፣ ይህ መኪና ነው የምትል ቺፕ ይነድፋሉ። ቺፑን ግን ራሳቸው አይሠሩትም፤ ንድፉን ለውጭ ፋብሪካዎች ያከራያሉ። ቤት ሳይሠሩ አከራይ ሆናችሁ እያልሁ አሾፍበት ነበር።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በረንዳ ላይ ቆሞ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ወለተ ኪዳን በጨለማ እንኳ አጥርታ ታያለች ይላል። ትንሽ ናት፣ ብዙ አትበላም፣ ቶሎም አትሞቅም ይላል። ቀጥሎ ለሁለት ድርጅት አከራየናት ብሎ ከት ብሎ ሳቀ። ደሜ ፈላ።

በማግሥቱ ባጃጅ ይዤ ቢሮው ድረስ ሄድሁ። ነጠላዬን እንዳሸረጥሁ፣ ይህችን ወለተ ኪዳን የምትባል ጥሩልኝ አልሁ። ምሥጋና የምትባል መሐንዲስ ሳቋን ማፈን አቅቷት እጄን ይዛ ኮምፒውተር ፊት አስቀመጠችኝ። ሐይቁ ላይ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው፤ በየታንኳውና በየወፉ ዙሪያ ቀይ ሳጥን ይሳላል። ወለተ ኪዳን ይህችው ንድፋችን ናት፣ ስሙን ያወጣላትም ባልሽ ነው አለችኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ይትባረክም ሳቀ። ተመስገን፣ የቀናሁት በቺፕ ነው ብዬ ከሁሉም አብልጬ የሳቅሁት እኔ ነበርሁ።

ባጃጁ ድልድዩን ሳይሻገር ሳቄ ቆመ።

ወለተ ኪዳን ያንቺ የክርስትና ስም ነው፤ ቅናቱ አሳውሮኝ እስከዚያች ደቂቃ ልብ አላልሁትም ነበር። ከእናትሽ፣ ከነፍስ አባትሽና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም ብዬ ነበር። ስሟን የያዘ መተት ይሠራባታልና ለማንም እንዳትናገሪ እያሉ እናትሽ ሲያስምሉኝ ትዝ ይልሽ የለ?

አምና ክረምት እኛ ቤት ስትሰነብቺ፣ እኔ የተማሪ ፈተና ሳርም ይትባረክ በጀልባ ዘጌ ገዳም ወስዶሽ ነበር። ቄሱ ሊጸልዩልሽ ስምሽን ሲጠይቁ ሰምቶ ይሆናል ብዬ ልቤን ላሳምነው ሞከርሁ። ይሆናል። ግን ሰው የሰማውን ስም ሁሉ ለልፋቱ ፍሬ ያወጣል? እኛ የተጋባነው በማዘጋጃ ቤት ስለሆነ የእኔን ከቄስ አልሰማውም። ይኸው ስድስት ዓመታችን፣ የክርስትና ስምሽ ማነው ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

እሱን አልጠየቅሁትም። ብጠይቀው ይስቃል፤ እኔም እንደ ልማዴ አምነዋለሁ። ለጥምቀት እመጣለሁ ብለሽ ነበር። ከመምጣትሽ በፊት የምትነግሪኝ ነገር ካለ ጻፊልኝ።

ኪዳነ ምሕረት በጥላዋ ትጋርድሽ፤ ለእናትሽም ዕድሜና ጤና ትስጥልሽ። ይትባረክ ለማን እንደምጽፍ አይቶ ሰላም በይልኝ ብሎኛል። ሰላምታውን ራሱ ያድርስ።

አብሮ አደግሽ
ከባሕር ዳር