ዲስክ ሰባትን ማን ነካው

ሰኞ፣ የካቲት 14። ጠዋት 3 ሰ.
እንደ ልማዴ ማሽን ክፍሉን ፈተሽኩ። መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ። ግን አንድ ነገር ደስ አላለኝም። የኮሌጁ ዲስኮች በሙሉ ያሉት አንድ ሳጥን ውስጥ ነው። የትኛው ሰርቨር በየትኛው ፖርት፣ ማለት በየትኛው መሰኪያ፣ የትኛውን ዲስክ እንደሚያይ የምንመድበው እኔና ጀማል ብቻ ነን። ዲስክ ሰባት የሬጅስትራር ነው፤ የተማሪ ውጤት። አሁን የቤተ መጻሕፍቱም ሰርቨር ያየዋል። ሁለት ሰርቨር አንድ ዲስክ ላይ ጽፎ ውጤቱን አበላሽቶታል። እኔ አልነካሁትም፣ ደብተሬ። ታዲያ ማን ቀረ?

ማክሰኞ፣ የካቲት 15
ስገባ ጀማል ስልኩን ደበቀ። ያለ ነገር አይደለም። አራት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠናል፤ ይህ ሰው ሳቅ እንደሚያበዛ ዛሬ ገና ታየኝ። እህቱ ሰዓዳ እዚሁ ትማራለች። ውጤቷም ያለው እዚያው ዲስክ ላይ ነው።

ከሰዓት፦ የሳጥኑን መዝገብ ከፈትኩ። ለውጡ የተደረገው ባለፈው ሐሙስ፣ 09:15። ማሽን የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ስድስት ስቀንስ ጠዋት ሦስት ከሩብ። ያን ሰዓት እኔ ከኃላፊያችን ከወ/ሮ ስንዱ ጋር ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ማሽን ክፍል የነበረው ጀማል። ብቻውን። ያዝኩህ።

ረቡዕ፣ የካቲት 16
ደብዳቤ አስገባሁ። ውጤቷን ሊያሳምርላት ነው ብዬ እህቱንም ጠቀስኩ፤ ምክንያት ሲኖረው ነገር ይጠነክራል። ወ/ሮ ስንዱ አንብበው ፊታቸው ተለወጠ። ከምሳ በፊት ጀማል ከሥራ ታገደ፣ ቁልፉን አስረከበ። ሰኞ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይቀርባል። ከተረጋገጠበት ይባረራል።  በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፦
«ምነው፣ መጀመሪያ እኔን ብትጠይቀኝ?»
 የተያዘ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚለው። ደስ ብሎኛል፤ ላንተ ምን እዋሻለሁ፣ ደብተሬ።

ዓርብ፣ የካቲት 18። ጠዋት 4 ከ20
ብቻዬን ነኝ። ለአዲሱ ሰርቨር ፖርት መደብኩ፣ ዲስክ ሰጠሁት። መግባቱን ልይ ብዬ መዝገቡን ከፈትኩ። 04:20 ይላል። የእጅ ሰዓቴም አራት ከሃያ።

እንደገና አየሁ። የፈረንጅ ሰዓት ቢሆን 10:20 ማለት ነበረበት።

ሳጥኑ የመጣ ቀን ሰዓቱን የሞላሁት እኔ ነኝ። የእጅ ሰዓቴን አይቼ፣ በሐበሻ አቆጣጠር።

ስለዚህ 09:15 ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ከሩብ ነው። ሐሙስ ከሰዓት ጀማል ማክሰኝት ከተማ ለቅሶ ሄዶ ነበር፤ ፈቃዱ ላይ ተክቼው እንደምሠራ የፈረምኩት እኔ። ማሽን ክፍል የነበርኩት እኔ። ከቤት ጋር በስልክ እየተነታረክሁ፣ ለቤተ መጻሕፍቱ ዲስክ ስድስትን እሰጣለሁ ብዬ ሰባትን የሰጠሁት እኔ።  ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 19
የሳጥኑን ሰዓት ወደ ፈረንጅ ማስተካከል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ከዚያ በኋላ ማን ያውቃል? ጣቴን ኪቦርዱ ላይ አድርጌ ምን ያህል እንደተቀመጥሁ አልነግርህም። አፈርኩ። ተውኩት።

አራዳ ገበያ፣ ወደ ጀማል አባት ጨርቅ ሱቅ ሄድኩ። ጀማል አባቱን እያገዘ ነው። ወደ ጥግ ወስጄ ሁሉንም ነገርኩት። ስልኩን ለምን እንደደበቀ ለመጠየቅም አላፈርኩም። በሥራ ሰዓት ኳስ ነበር የሚያየው። እስከ መጨረሻው ሰማኝና አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦
«የሰዓዳንም ስም ጽፈሃል?»
ጽፌያለሁ አልኩት። በእጁ የያዘውን ጨርቅ አጥፎ አስቀመጠ፣ ወደ ጓዳ ገባ። አልተመለሰም። አባቱ ምንም አያውቁም፤ የልጄ ጓደኛ ብለው ሻይ አዘዙልኝ። ጠጣሁት።

ሰኞ፣ የካቲት 21። 2 ከ40
ኮሚቴው በሦስት ሰዓት ነው። አዲሱ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ለወ/ሮ ስንዱ በጆሯቸው ልንገራቸው ብዬ ነበር። አይሆንም። የልጅቷን ስም በጽሑፍ ነው ያጠፋሁት። እሷ ባለችበት፣ ቆሜ፣ ጮክ ብዬ አነብበዋለሁ። ኮሚቴውን ሰዓዳም ትምጣ፣ እኔም ላንብብ ብዬ ጠይቄ ፈቅደውልኛል። የማሽን ክፍሉን ቁልፍም ከደብዳቤው ጋር አያይዣለሁ፤ የሚወስኑትን ይወስኑ።

በመስኮት ይታዩኛል። ጀማል ደረጃው ላይ ቆሟል። ሰዓዳ ከጎኑ፣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባለች። ጥፋቱ የእኔ እንደሆነ ልጅቷ ገና አታውቅም፣ ጀማል አልነገራትም መሰለኝ። ልነሣ። እኔው ቀድሜ ልንገራት።