እናንተ ዘንድ ጤነኛ፣ እኔ ዘንድ በሽተኛ ስለሆነው ኮምፒውተር

ለተከበሩ የኮምፒውተር ዕቃዎች መደብር የዋስትናና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ጤና፣ እንዲሁም በቢሮዎ በር ላይ «ስብሰባ ላይ ነን» የሚለውን ሰሌዳ ያለ ዕረፍት ተሸክሞ ለሚኖረው ሚስማር ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ፣ ባለቤቴና እናቴ ደህና ነን። ደህና ያልሆነው ኮምፒውተሬ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን የሚታመመው እኔ ቤት ሲገባ ነው።

ይህን በጋዜጣ መጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ስልክዎን ሞክሬ ነበር።

እኔ ቤቴ ተቀምጬ የሰው ቤት ፕላን የምስል ሴት ነኝ። ኮምፒውተሩን ዕቃ በዕቃ ከመደብርዎ ገዝቼ፣ ካቻቢቴ ይዤ፣ ባለቤቴ መብራት እየያዘልኝና የማያውቀውን ሁሉ እየመከረኝ፣ በገዛ እጄ ገጣጠምኩት። ገና ሲበራ እልል ብያለሁ፤ አላፍርበትም። ለወራት ያለ እንከን ሠራ። ከዚያ አባታችን ስላረፈና ብቻዋን መኖር ስለከበዳት እናቴ ከእኛ ጋር ልትኖር መጣች፤ ኮምፒውተሩም በዚያው ሰሞን መውደቅ ጀመረ። ሳሎን ስዬ ወደ መኝታ ቤት ልሻገር ስል ስክሪኑ ሰማያዊ ይሆናል፣ ቀጥሎ ድርግም ይላል፣ ሴቭ ያላደረግሁትን ልፋቴን ሁሉ ውኃ ይበላዋል።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ቅሬታ ማለቱ ደፋርነት ከሆነም ምስጋናዬን፣ በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ስልክዎ። «ጥሪዎ ለእኛ እጅግ ክቡር ነው» የምትለዋን ሴት ከልብ አመሰግናለሁ፤ ክብሩ ከመብዛቱ የተነሳ ማንም ደፍሮ አያነሳውም። እስኪነሳ የምታሰሙንን ሙዚቃ ባለቤቴ ከእኔ ጋር አብሮ እየሰማ ለምዶት ዛሬ ሽንኩርት ሲከትፍ ያንጎራጉረዋል። በመጨረሻ ሰው ሲገኝም «አጥፍተው ያብሩት» ተባልኩ። ክቡር ሆይ፣ ማጥፋቱን እሱ ራሱ ችሎበታል፤ እኔ የደወልኩትም ስለዚሁ ችሎታው ነበር።

ሁለተኛ፣ ባልደረቦቻቸው «ፕሮፌሰሩ» ስለሚሏቸው ባለሙያዎ። ኮምፒውተሩን ታቅፌ በመጣሁ ቁጥር ወንበር ስበው አስቀምጠውኛል፤ እግዜር ይስጥልኝ። እሳቸው ትዝ እንደሚላቸው፣ ኮምፒውተሬ እናንተ ዘንድ የሚመጣው ለብሶ ነው። ይህንንም ላስረዳ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታችን በገባች በማግስቱ ኮምፒውተሩ ጥግ ላይ እርቃኑን ተቀምጦ አየችውና አዘነችለት። መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ የደከመ ዓይኗን መርፌው ላይ ተክላ፣ ላዩ ዳንቴል ገበሩ የአሮጌ ብርድ ልብስ የሆነ ልብስ ሰፋችለት። ለማብሪያ ማጥፊያው የቁልፍ ቀዳዳ አወጣችለት። ከላይና ከኋላ ያሉትን ቀዳዳዎች ግን ሠሪዎቹ ሳይደፍኗቸው የረሷቸው መስሏት፣ «አቧራው እኮ የሚገባው በዚህ ነው» ብላ እዚያ ላይ ገበሩን ደረበችው። ስትጨርስም «ከእንግዲህ ዓይኔ እሺ አይለኝም፤ ይኼ የመጨረሻዬ ይሁን» አለች። ኮምፒውተሩ ለሕክምና ሲወጣ «ሰው ፊት ራቁቱን አይቀርብም» ብላ ቁልፉን የምትቆልፍለት እሷ ናት።

ፕሮፌሰሩም በየጊዜው ልብሱን አውልቀው፣ በወጉ አጣጥፈው፣ «እጇ ይባረክ!» ብለው አድንቀው መሳቢያ ውስጥ ካስቀመጡ በኋላ ኮምፒውተሩን ያበሩታል። እሱም ቀኑን ሙሉ ቀጥ ብሎ ሲሠራ ይውላል። ማታ ልረከበው ስመጣ «ምንም የለበትም» ይሉኛል፤ ልብሱን መልሰው ያለብሱታል፤ በር ድረስም ይሸኙናል። አድናቆታቸውን ለእናቴ ሳልጨምር ሳልቀንስ አድርሻለሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዓለም ላይ ከፕሮፌሰሩ የበለጠ አዋቂ የለም።

ሦስተኛ፣ ስለ ምርመራው። መጀመሪያ ጥፋቱ የሚሞሪው ነው ተብሎ ሚሞሪው ተቀየረ፤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩ ተጠረጠረ፤ እሱም ተባረረ። ከዚያ ጥፋቱ ወደ ቤታችን መብራት ዞረና ስታብላይዘር ገዛሁ፤ አሁን የአበባ ማስቀመጫችንን ደህና አድርጎ ተሸክሟል። የመጨረሻው ምርመራ «ራስዎ ነዎት አይደል የገጣጠሙት?» የሚል ፈገግታ ነበር። ፍየል ወዲህ፣ ቅዝምዝም ወዲያ ማለት ይኸው ነው። የዋስትናውን ነገር ሳነሳም «ዋስትናው የሚሠራው ችግሩ እኛ ፊት ሲታይ ነው» ተባልኩ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እሰማ ነበር፤ ማኅተም የተመታበት የዋስትና ወረቀት ይዞ እንደሚመጣ ግን አላውቅም ነበር።

አራተኛው ቅሬታ አይደለም፤ ግን ሳልጽፈው ብቀር ሌላው ሁሉ ቀልድ ሆኖ ይቀራል።

እናቴ ዓይኗ ቢደክምም ነገር አይስታትም። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ እንደ ልማዱ ሲወድቅና እኔ ጠረጴዛውን ስመታ ሰማች። «እኔ ሳልመጣ እንዲህ ያደርግ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መዋሸት ነበረብኝ፤ ግን መልሱ ከአፌ እስኪወጣ ጊዜ ወሰደብኝ። «እግሬ ደረቅ ነው፣ ልጄ» አለችኝ፤ «እንጀራሽን ዘጋሁብሽ። ወንድምሽ ዘንድ ልሂድ።» ሻንጣዋን ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። የወንድሜ ቤት ጥሩ ቤት ነው፤ ጠዋት ሁሉም ወጥቶ ማታ የሚገባበት፣ ቀኑን ሙሉ ከቴሌቪዥን በቀር የሚያናግራት የማይኖርበት ቤት ነው። ጥፋቱ የመደብሩ ነው ብዬ ማልኩላት፤ በስምዎ ስለማልኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እሷ ግን ፕሮፌሰሩ አይሳሳቱም አለችኝ።

ባለፈው ሰሞን ልብሱ አቧራ ይዟል ብላ አጥባ አሰጣችው። ብርድ ልብስ ነውና ቶሎ አልደረቀም። በዚያ መሃል ኮምፒውተሩ አንድም ጊዜ ሳይወድቅ አንድ ሙሉ ፕላን፣ ከነደረጃው ከነጣሪያው፣ ጨረስኩ። እናቴ «ተመስገን፣ ተሻለው!» ብላ ከሻንጣው ነጠላዋን አውጥታ መልሳ ሰቀለችው። ልብሱ ደረቀ፤ ተኮሰችው፤ አለበሰችው። የሚቀጥለውን ፕላን በር ሳልስል ስክሪኑ ሰማያዊ ሆነ። እሷም ነጠላዋን አውርዳ ወደ ሻንጣው ተመለሰች።

ልብሱን ገለጥ ባደርገው ወላፈን ፊቴን ገረፈኝ። ኬዙን በእጄ ዳሰስኩት፤ ትኩሳት እንደያዘው ልጅ ግንባር ይፋጃል። ፋኑ ውስጥ ለውስጥ እየተሽከረከረ አየር የሚያስወጣበት አንዲት ቀዳዳ አጥቷል። ለሰው ቤት ሁሉ መስኮት የምስል እኔ፣ የገዛ ኮምፒውተሬ መስኮቶች በብርድ ልብስ መደፈናቸውን አላየሁም። ፕሮፌሰሩም በየጊዜው ልብሱን በእጃቸው አውልቀው እያጣጠፉ፣ ይህ ነገር ቤቱ ሲገባ ምን ለብሶ ነው የሚሠራው ብለው አልጠየቁም። የእናቴን ጀርባ አየሁ፤ ነጠላውን እያጠፈች ነበር። የገለጥኩትን ልብስ መልሼ አወረድኩት።

ምን ልበላት፣ ክቡር ሆይ? እግርሽ ደረቅ አይደለም፣ እጅሽ ነው ልበላት?

ስለዚህ ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፕሮፌሰሩ ቤታችን ይደውሉና እናቴን አስቀርበው እንዲህ ይበሏት፦ ጥፋቱ የሸጥነው ዕቃ ነበር፤ አሁን ደረስንበት፤ ከእንግዲህ ኮምፒውተሩ ሲሠራ ልብሱ ይውለቅለት፣ ሥራውን ጨርሶ ሲያርፍ ደግሞ እርስዎ ራስዎ ያልብሱት። እኔ ብላት ልታጽናናኝ ነው ትላለች፤ ባለሙያ ከነገራት ግን ሐኪም እንዳዘዘው ትይዘዋለች። መደብርዎ እስከ ዛሬ ያጠፋውን አምኖ አያውቅም፤ እኔ የምጠይቀው ያላጠፋውን እንዲያምን ነው። ልምዱ ስለሌላችሁ መጀመሪያ ላይ ሊከብዳችሁ ይችላል። መለማመጃ ካስፈለገ ያለ ጥፋቱ የተባረረው ሚሞሪ እኔ ዘንድ አለ፤ እሱን ይቅርታ በመጠየቅ መጀመር ይቻላል።

ወንድሜ ቅዳሜ መኪና ይዞ ይመጣል። ሻንጣው በር አጠገብ ተቀምጧል። እናቴ ይህን ደብዳቤ ታየዋለች ብለው እንዳይሠጉ፤ ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነኝ፣ ይህንን ገጽ ማስታወቂያ ነው ብዬ እዘለዋለሁ። ከቅዳሜ በኋላ ግን የማነብለት ሰው አይኖረኝም።

በሙዚቃዎ ትዕግሥትን የተማርኩ፣ በፕሮፌሰሩ ወንበር ላይ መቀመጥን የለመድኩ፣ በማንኛውም ጊዜ ስልኬን በመጀመሪያው ጥሪ የማነሳ፣ አክባሪዎና ዘወትር ተመላላሽዎ፣

ፕላን ነዳፊዋ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ከላይ የነገርኩዎት ልብስ የመጨረሻዋ አልሆነም። እናቴ ከመሄዷ በፊት ለልፋታችሁ ምስጋና ይሁን ብላ፣ ዓይኗ እያለቀሰ፣ ለእርስዎ የቢሮ ኮምፒውተር ልብስ እየሰፋች ነው። ለኃላፊ የሚሆን ነው ብላ ገበሩን ከእኛው የበለጠ አወፍራዋለች፤ ቀዳዳም አልተወችም። እንደደረሰዎ ያልብሱት፤ የእናት እጅ ነውና ማውለቅ ነውር ነው። ምናልባት መሃል ላይ ቢወድቅብዎ አይደንግጡ፤ አጥፍተው ያብሩት።