ኬላ ላይ ታስሮ ስለነበረው ፈሳሽ

ቆቦ፣ ግንቦት 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ የመንገዱ ኬላ ኃላፊ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎን፣ በተለይም የወገብዎን ደኅንነት፣ ከልብ እመኛለሁ፤ ወገብዎን ቢታመሙ ከጀርባዎ ለምርመራ የሚቀዳው ፈሳሽ የሚያልፈው በራስዎ ኬላ ነውና።

ጉዳዬ የእህቴ የራህመት ነው። የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ናት። መጀመሪያ ጣቶቿ አብጠው ጠመኔ መያዝ አቃታት፤ ቀጥሎ ጉንጮቿ ፀሐይ እንደመታቸው ቀሉ፤ በመጨረሻም በቀበሌ ስብሰባ መካከል ተነሥታ ግድግዳው እያዳመጠን ነው አለች። ሌሎቻችን ይህንን በጤናችን ስለምናውቀው ዝም አልን፤ እሷ ግን ጮክ ብላ ስለተናገረችው መታመሟ ታወቀ።

ጤና ጣቢያ ለሥራ የመጣ ሐኪም መርምሯት፣ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው አለን። ወይ ጀርም አንጎሏ ገብቷል፤ ወይ ደግሞ በሽታን እንዲከላከል የተቀመጠው የገላዋ ጠባቂ ወዳጅና ጠላት መለየት ተስኖት፣ መገጣጠሚያዋን ሲወጋ ቆይቶ አሁን አንጎሏ ላይ ደርሷል። ለሁለተኛው የሚሰጠው መድኃኒት ጠባቂውን የሚያስተኛ ነው፤ በስሕተት ለመጀመሪያው ከተሰጠ ግን ይገድላታል። ስለዚህ ከአከርካሪዋ ጥቂት ፈሳሽ በመርፌ ቀድቶ፣ ጠባቂው በአንጎሏ ላይ የሚያዘምታቸው ፀረ እንግዳ አካላት ይገኙበት እንደሆነ እንዲታይ፣ ወደ አዲስ አበባ ከዚያም ወደ ውጭ አገር እንዲላክ አዘዘ። ባሏ ታሂር ከለስላሳ ሻጩ በረዶ ለምኖ፣ ፈሳሹ የተቀዳበትን ብልቃጥ በቴርሞስ ይዞ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ከዚህ በኋላ ያለው የእርስዎ ውለታ ስለሆነ፣ በየተራ አመሰግናለሁ።

1ኛ. ስለ ጠባቂዎችዎ ንቃት። ታሂር የሚስቴ የጀርባ ፈሳሽ ነው ብሎ እውነቱን ሲነግራቸው፣ እንዲህ ያለ ነገር እውነት ሊሆን እንደማይችል ወዲያው ደረሱበት። አረቄ ይሆናል ብለውም አሸተቱት፤ አለመሆኑ ይበልጥ አጠራጠራቸው።

2ኛ. እርስዎ ራስዎ ጉዳዩን ስለመያዝዎ። ታሂር የሐኪሙን ቃል፣ ጠባቂው የገዛ ቤቱን እየወጋ ነው የሚለውን፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ ሲደግምልዎ፣ እስክሪብቶዎን አስቀምጠው «ጠባቂ የምትለው ማንን ነው?» አሉት። እኔ የሐኪሙን መጽሐፍ ተውሼ አገላብጫለሁ፤ ስለ ገላ እንጂ ስለ ሌላ አንድም ነገር አላገኘሁበትም። ሌላ ነገር ትዝ ያለው እርስዎን ብቻ ነው።

3ኛ. ማስረጃው እንዳይጠፋ በማሰብ ብልቃጡን ከቴርሞሱ አውጥተው፣ የቆላው ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ላይ ስለማስቀመጥዎ። በረዶው ለመጠጥ ውሃዎ እንደዋለ ሰምቼ ተጽናንቻለሁ።

4ኛ. ኋላም ብልቃጡን ማኅተም አሳርፈው ስለመመለስዎ። ፈሳሹ ተበላሽቶ ስለነበር ሐኪሙ ሊያነብ የቻለው ማኅተሙን ብቻ ነው።

በዚህም ምክንያት ራህመት ጉልበቷን ወደ ደረቷ አጥፋ፣ ጀርባዋን ዳግመኛ ለመርፌ መስጠት ነበረባት። ሕመሙን ስለቀመሰችው እምቢ ትላለች ብለን ፈርተን ነበር። እሷ ግን «መርፌው ይሻለኛል፤ ከየት መጣሽ፣ ወዴት ነሽ አይለኝም» ብላ ተኛች። ከታመመች ወዲህ ከተናገረችው ሁሉ ሐኪሙ ጤነኛ ነው ያለው ይህንን ነው።

ከአንገት በላይ ሳይሆን ከአከርካሪው ጀምሮ የሚያከብርዎ፣
ስሙን ኬላዎ ላይ ተሰልፎ ሲያልፍ የሚነግርዎ
አንድ የቆቦ ነዋሪ

ማሳሰቢያ፦ ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን ሐጂ ነጅሙዲን የመካ ዘምዘም ውሃ፣ እማሆይ ወሰንየለሽም ጠበል ይዘው፣ ከጤና ጣቢያ በተለመኑ አንድ ዓይነት ብልቃጦች፣ በአንድ ቴርሞስ አሳልፈዋል። የራህመትም ከመካከላቸው ነበረ፤ በሰላም አዲስ አበባ ገብቷል። ጠባቂዎችዎ በታላቅ አክብሮት ለበረከት ጥቂት ለምነው፣ ለእርስዎም አንድ ጉንጭ እንዳደረሱልዎ ሰምቻለሁ። ከየትኛው ብልቃጥ እንደሆነ መጠርጠሩን፣ የሥራ ድርሻዎ ስለሆነ፣ ለእርስዎ ትቼዋለሁ።