ኢጊኖ ፋላስኮኒ ስለ ሁለት ክለቦቹና ስለ አንድ በረኛ የተናዘዘው ቃል

ዛሬ ማክሰኞ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ማርች 5 ቀን 2019፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ የቶሬማሬን ወደብ ቁልቁል በሚያየው መኝታ ቤቴ ሆኜ፣ እኔ የድንጋይ ካባና የኮንክሪት ፋብሪካ ባለቤት፣ የቶሬማሬ እግር ኳስ ክለብ ፕሬዚዳንት ኢጊኖ ፋላስኮኒ፣ በተወለድኩ በሰባ ዘጠኝ ዓመቴ ይህን ቃል እሰጣለሁ። የታመመው ሳንባዬ ነው፤ ልቦናዬ ጤነኛ ነው። ሐኪሙ ዛሬ ጠዋት መርምሮኝ የጻፈው ወረቀት ከዚህ ጋር ተያይዟል። ያያያዝኩትም ልጄ ራኒዬሮ ነገ ተነስቶ "አባቴ ሲዘባርቅ ነው የሞተው" እንዳይል ነው።

ቃሌን የምትጽፈው ውል አዋዋይ ወይዘሮ ኦርኔላ ቺካሬሊ ናት። ምስክሮቼ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ቱሊዮ ፒያንጄሬሊና የክለቤ ጸሐፊ ሆኖ ሠላሳ ዓመት ያገለገለኝ ሉዶቪኮ ሬናንቴ ናቸው። ወይዘሮ ኦርኔላን አንድ ነገር ለመንኳት፤ በዚህ ክፍል የሚነገረውን ሁሉ፣ የእኔንም የሌላውንም፣ እንዳለ እንድትጽፍ።

"ሲኞር ፋላስኮኒ፣ ኑዛዜ እኮ የጠብ መዝገብ አይደለም" አለችኝ።

"ይጻፉት ግድ የለም" አልኳት። "ዕድሜዬን ሙሉ በዝግ በር ስናገር ኖሬያለሁ። አንድ ቀን እንኳ የተናገርኩት ይጻፍልኝ።"

አንደኛ፤ ካባውና ፋብሪካው የልጄ የራኒዬሮ ይሁን። ሕግ የሰጠውን አልነሳውም። ለሠራተኞቹ ግን ጭንብል ይግዛላቸው፤ የማያደርግ ሰው ከካባው ይውጣ። እኔ ጭንብል የፈሪ ነው እያልኩ አርባ ዓመት አቧራ ዋጥኩ፤ ዛሬ አንዲት ዐረፍተ ነገር ለመጨረስ ሁለት ጊዜ አርፋለሁ።

ሁለተኛ፤ ከባለቤቴ ከጁስቲና ጎን ቅበሩኝ። በሬሳ ሣጥኔ ላይ የማንም ክለብ ባንዲራ አይደረግ። በዘመኔ አሥራ ዘጠኝ አሰልጣኝ አባርሬያለሁ፤ ከመካከላቸው ለቀብሬ የሚመጣ ቢኖር ፊተኛው ወንበር ይሰጠው። መሞቴን ለማረጋገጥ እንደመጣ አውቃለሁ፤ ደህና አድርጎ ይይ።

ሦስተኛ፤ የቶሬማሬ ክለብ ለራኒዬሮ ይተላለፍ። ስታዲየሙ ያረፈበት መሬት ግን የእኔ የግል ይዞታ ስለሆነ፣ የኳስ ሜዳ እንጂ ሌላ ነገር እንዳይሆን ግዴታ በማስገባት ለከተማው ማዘጋጃ ቤት ሰጥቻለሁ።

እዚህ ላይ ራኒዬሮ በሩን ሳያንኳኳ ገባ። ከበሩ ጀርባ ቆሞ ይሰማ ኖሯል።

"አባዬ! ሐሙስ እኮ ነው የምንፈራረመው! ክለቡን የሚገዙት የሚላኖ ሰዎች የሚፈልጉት ቦታውን ነው። መሬቱ ከሌለ ምን ሊገዙ ነው? አሥራ አንድ ቁምጣ?"

"ቁምጣውን ሽጥላቸው። ሜዳው ይቀራል።"

"ማነው እንዲህ ብሎ የመከረህ?"

"ማንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንንም ሳላማክር የሠራሁት ነው" አልኩት።

ወይዘሮ ኦርኔላ እንዲወጣ ጠየቀችው፤ አልወጣም። በሩ ላይ ተደግፎ ቆመ። እንዲቆም ፈቀድኩለት፤ የሚቀጥለውን ከሌላ አፍ ከሚሰማው ከእኔ ቢሰማ ይሻላል።

አራተኛ፤ የካስቴልቫራ ክለብ የእኔ ነው። በወረቀት ባለቤቱ የጁስቲና ወንድም ይባል እንጂ፣ ከ1996 ጀምሮ የገዛሁትም ያዘዝኩበትም እኔ ነኝ። አንድ ሰው በአንድ ዲቪዚዮን ሁለት ክለብ መያዝ ስለማይፈቀድለት በዋርሳዬ ስም ተሸሸግሁ። የገዛሁትም ወድጄው አይደለም። የካስቴልቫራ ደጋፊዎች አንድ እሑድ ስለ ሚስቴ ስድብ የጻፉበትን ጨርቅ በአጥሩ ላይ ሰቀሉ። ጁስቲና አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። "እስቲ ፊደሉን እንኳ አስተካክለው ቢጽፉት" ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ክለቡን ልቀብረው ገዛሁት፤ በየክረምቱም ጥሩ ጥሩውን ተጫዋች እየነቀልኩ ወደ ቶሬማሬ አመጣሁ። ዛሬ ክለቡን ለራሱ ለካስቴልቫራ የደጋፊዎች ማኅበር መልሻለሁ። ሃያ ዓመት ሰድበውኛል፤ አንድ እሑድ ግን ከሜዳቸው ቀርተው አያውቁም። እንዲህ ያለ ሰው የራሱ ክለብ ይገባዋል።

አምስተኛ፤ የሁለቱንም ክለቦች ማልያ ስታጥብ ለኖረችው ለኢዳ ማራስካ፣ ከልብስ ማጠቢያው በላይ ያለው የምትኖርበት ቤት የግሏ ይሁን። ሁለቱም ክለቦች የእኔ መሆናቸውን ከማንም በፊት ያወቀችው እሷ ናት፤ ሰኞ ሰኞ ሁለት ዓይነት ማልያ በአንድ መኪና ይመጣላታልና። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አንድ ቀን ግን ለእኔ ተናግራኛለች፤ ምን እንዳለችኝ ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ስድስተኛ፤ በወደቡ ዳር ያለውን ቤቴን ከነዕቃው ለዴልቪዮ ብራንኬሲ ሰጥቻለሁ። ዴልቪዮ ዛሬ በዓሣ ገበያው በረዶ የሚጭን የአርባ ሦስት ዓመት ሰው ነው። በ2002 የካስቴልቫራ በረኛ ነበር። ምክንያቴን ሳልናገር ቤቱን ብሰጠው በደሌን እደግመዋለሁ፤ ስለዚህ እናገራለሁ።

በዚያ ዓመት በሜይ 19 የውድድሩ የመጨረሻ እሑድ ነበር፤ ሁለቱ ክለቦቼ እርስ በርስ ተገናኙ። ካስቴልቫራ ከሰንጠረዡ መሃል ተቀምጣ የምታገኘውም የምታጣውም አልነበራትም። ቶሬማሬ ካላሸነፈች ትወርዳለች። ዓርብ ዕለት ዴልቪዮን ወደ ካባው ቢሮዬ አስጠራሁት። የቶሬማሬ ተወላጅ ነው፤ እናቱን አውቃታለሁ።

"እሑድ ዝናብ አለ ይላሉ" አልኩት። "እርጥብ ኳስ ደግሞ ያንሸራትታል።"

"ከእኔ እጅ አያንሸራትትም፣ ፕሬዚዳንት።"

"አንተ የዚህ አገር ልጅ ነህ። ቶሬማሬ ብትወርድ አትመለስም፤ ታውቃለህ።"

"አውቃለሁ። እናቴም በእናንተ በኩል ነው የምትቀመጠው። ለቶሬማሬ ነው የምትጮኸው፣ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ይቅርብኝ፣ ይህን አላደርግም" ብሎ ተነስቶ ሄደ።

እኔ ለአንድ የካስቴልቫራ ተከላካይ ነገርኩት፤ በግቡ ክልል ጥፋት ሠርቶ ሪጎሬ እንዲያሰጥ። እሱ እሺ አለ፤ ፖስታም ተቀበለ። ስሙን አልጠራም፤ ሞቷል፣ ልጆቹ ግን አሉ። ያ ሰው የተስማማነውን ለማድረግ ጊዜው አልደረሰለትም። በሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ከሩቅ የተመታ ኳስ በዝናቡ ምክንያት ከዴልቪዮ እጅ አምልጦ ገባ። ቶሬማሬ አንድ ለባዶ አሸነፈች፤ ከተማው ጨፈረ። እኔም ጨፈርኩ።

በማግስቱ ኢዳ ጭቃ የያዘውን የዴልቪዮን ማልያ ይዛ መጣች። "ይኸውልዎት" አለችኝ፤ "ጭቃው ከአንገቱ እስከ ሆዱ ነው። ጨዋታ የሸጠ ሰው በደረቱ እንዲህ አይወድቅም። የሚያወሩትን አይስሟቸው።" እኔም "ሥራሽን የምትፈልጊ ከሆነ እጠቢው" አልኳት። አጠበችው።

በመከር የፌዴሬሽኑ መርማሪዎች መጡ። ፖስታ እንደተሰጠ ያውቃሉ፤ ለማን እንደተሰጠ አያውቁም። ተከላካዩን ብሰጣቸው እሱ እኔን ይሰጣቸዋል። እኔን በእውነት የሚያስፈራኝ ግን እምቢ ያለኝ ሰው ነበር። ስለዚህ የእሱን ስም ሰጠኋቸው። ዴልቪዮ ፖስታውን ሲቀበል በዓይኑ እንዳየ የመሰከረውም . . .

"ኢጊኖ፣ በቃ!" አለ ሉዶቪኮ። ከወንበሩ ተነስቷል።

"የመሰከረውም እኔ አዝዤው ጸሐፊዬ ሉዶቪኮ ሬናንቴ ነው" ብዬ ጨረስኩት።

"ለዚህ ነው የጠራኸኝ? በገዛ ፊርማዬ ልታርደኝ?"

"ያኔ በሐሰት መስክረሃል። ዛሬ በእውነት መስክር ብዬ ነው።"

"አንተማ ነገ ትሞታለህ! እኔ ነኝ እዚህ ከተማ ዳቦ ልገዛ የምወጣው!" ብሎ ካፖርቱን አነሳ። ራኒዬሮ ከበሩ ገለል ብሎ አሳለፈው። ኮቴው በደረጃው ላይ ሲወርድ ሁላችንም ሰማን።

ወይዘሮ ኦርኔላ ብዕሯን አስቀመጠች። "ሁለት ምስክር ከሌለ ይህ ወረቀት እንጂ ኑዛዜ አይደለም" አለች።

አስታማሚዬን ጠራናት። ደመወዟን የሚከፍላት ራኒዬሮ ነው፤ እሱን አየችና "እኔ በዚህ ነገር አልገባም፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ" አለች። ኢዳ ከማድ ቤት መጣች፤ ወራሽ ስለሆነች በሕግ ምስክር መሆን አትችልም። ሰው ከውጭ እንዲመጣ ጠየቅኩ።

"የግቢውን በር አዘግቻለሁ፤ ማንም አይገባም" አለ ራኒዬሮ። "አባዬ፣ እባክህ። ስማችንን ነው የምትቀብረው። የልጅ ልጆችህ ይህንኑ ስም ነው የሚይዙት። ሰውየው ቤቱን ይውሰድ፤ ምክንያቱ ለምን ይጻፋል? ዝም ብለህ ስጠው!"

ልጄን አይቼው አዘንኩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ እንዴት ዝም ማለት እንደሚቻል ከእኔ የተማረ ሰው ነው። ትንፋሼ አጠረ። ቱሊዮ የኦክስጅኑን ቱቦ አስተካከለልኝ።

ያኔ ኢዳ፣ "ዴልቪዮ ማድ ቤት ነው ያለው" አለች። እንድትጠራው ከማለዳው ያዘዝኳት እኔው ነበርኩ፤ ቤቱን በቃሌ ልነግረው ፈልጌ። እሷም በሩ ሳይዘጋ በፊት አስገብታው ኖሯል።

ገባ። እጁ ከበረዶው ቀልቷል። ወንበር ሰጡት፤ አልተቀመጠም። ወይዘሮ ኦርኔላ ነገሩን አስረዳችው፤ ወራሽ ሆኖ ተጽፏል፣ ወራሽ ደግሞ አይመሰክርም፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ መጠበቅ አለበት።

"እስኪገኝ ድረስ እሳቸው ይቆያሉ?" ብሎ ጠየቀ። ቱሊዮ ወደ ኦክስጅኑ ቱቦ አየ።

"እንግዲያው ስሜን ከቤቱ ሰርዙት። እኔ እመሰክራለሁ።"

"ዴልቪዮ፣ ቤቱ እኮ . . ." አልኩ።

"በዚያ ቤት ብቀመጥ ሰው ምን ይላል፣ ፕሬዚዳንት? 'ፋላስኮኒ የከፈለው' ነው የሚለው። ያኔም ያሉኝ ይህንኑ ነው።"

አሥራ ሰባት ዓመት ያሰብኩት ስጦታ ለካ ሁለተኛ ፖስታ ነበር።

በዚህም መሠረት በስድስተኛው አንቀጽ የተሰጠው ቤት ተሰርዟል፤ በዚያው አንቀጽ የተናገርኩት ምክንያት ግን አንድ ቃል ሳይጎድል ይጽና። ቤቱ ቶሬማሬ ውስጥ ጉዳት ደርሶባቸው ለሚያርፉ ተጫዋቾች ማረፊያ ይሁን፤ በማንም ስም አይጠራ።

ምስክሩ ስለተለወጠ ወይዘሮ ኦርኔላ ከመጀመሪያው ቃል ጀምራ ሁሉን አነበበችለት። ዴልቪዮ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ መስኮቱን እያየ አዳመጠ። ስለ እናቱ የተጻፈው ሲነበብ አንገቱን ደፋ፤ ከዚያ በቀር አልተነቃነቀም። ስለ ሰማንያ አንደኛው ደቂቃ ስትደርስ ግን አስቆማት።

"እሱ ልክ አይደለም።"

"የትኛው?"

"በዝናቡ ምክንያት የሚለው። ዝናብ አይደለም ያገባብኝ። አንድ እርምጃ ቀድሜ ወጣሁ፤ ኳሷ ከፊቴ ነጠረች። ጥፋቱ የእኔ ነው። እንደዚያ ይጻፉት።"

ራኒዬሮ "ምን ለውጥ ያመጣል?" አለ፤ በእውነት አልገባውም ነበር።

"ለእኔ ያመጣል" አለ ዴልቪዮ። "እኔ አልሸጥኩም። ተሳሳትኩ።"

ስለዚህ እንዲህ ይታረም፦ ኳሱ የገባው በዝናቡ ምክንያት ሳይሆን በበረኛው ስህተት ነው፤ ስህተት ብቻ ነው።

ይቅር እንዲለኝ ለመንኩት። "መጀመሪያ እንፈርም" አለኝ። ከዚህ ሌላ መልስ አልሰጠኝም፤ እንዲሰጠኝም አልጠይቅም።

ከዚህ በፊት የሰጠሁት ማንኛውም ኑዛዜ ፈርሷል። ይህ ቃል እኔ ስሞት ለፌዴሬሽኑ፣ ለከተማው ጋዜጣና ለሁለቱም ክለቦች ደጋፊዎች ይነበብ። በቶሬማሬ የሚነበበው በስታዲየሙ ይሁን፤ እሑድ፣ ጨዋታ ከመጀመሩ በፊት፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ።

እኔ ውል አዋዋይ ኦርኔላ ቺካሬሊ፣ ተናዛዡ የተናገረውን በፊቱና በሁለቱ ምስክሮች ፊት አንብቤ፣ "የተናገርኩት ይኸው ነው" ማለቱን ሰምቼ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ዘግቻለሁ። ሁለተኛውን ምስክር ሥራውን ስጠይቀው "በረኛ ይበሉ" አለኝ። የተናዛዡ ልጅ ከበሩ ላይ "ከኳስ ዕድሜ ልኩን የታገደ ሰው ነው!" ሲል ተናዛዡ በጣቱ ወረቀቱን አመለከተኝ፤ ምስክሩ እንዳለውም ጽፌያለሁ።

ተናዛዥ፦ ኢጊኖ ፋላስኮኒ (ፊርማ)

ምስክር፦ ቱሊዮ ፒያንጄሬሊ፣ የመድኃኒት ቤት ባለቤት (ፊርማ)

ምስክር፦ ዴልቪዮ ብራንኬሲ፣ በረኛ (ፊርማ)